«ፕሮግራሚንግ ኢን ሉዋ» ለደጋው ተማሪ፤ ስለ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

ሉዋ ስለ ተባለው ቀላል የስክሪፕት ቋንቋ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል በጀማሪዎች እጅ አብዝቶ የሚገኘው፥ ከቋንቋው ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት ሮቤርቶ ዬሩሳሊምስኪ የጻፉት «ፕሮግራሚንግ ኢን ሉዋ» ነው። የመጀመሪያው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ ወጣ። ይኸው ዕትም ያለ ዋጋ በኢንተርኔት እንዲነበብ ስለ ተፈቀደ፥ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሁሉ የሚደርሰው ወደዚሁ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው፥ መጽሐፉ በደባርቅ፥ በዳባት ወይም በጃናሞራ ተምሮ ወደ ጎንደር ለመጣ ጀማሪ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለውን ነው። የደራሲውን ዕውቀት ለመመዘን አልተነሣንም፤ ለዚያ የሚበቃ ሚዛን በእጃችን የለም። የምንመዝነው መጽሐፉ ካልታሰበለት አንባቢ እጅ ሲገባ የሚሆነውን ነው።

ጥያቄውን ለማንሣት ያስገደደን በዙሪያችን የምናየው ነገር ነው። በአገራችን በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍን የሚጀምረው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። የኮምፒውተርን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የነካ ልጅ፥ አንዲት ሰላምታ በስክሪኑ ላይ ለማውጣት ብቻ «ትርጉሙን ኋላ ትረዳዋለህ» እየተባለ የሚታለፉ ቃላትና ቅንፎች ደርድሮ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ያልገባውን መሸምደድ ይጀምራል። ሽምደዳው ፈተናውን ስለሚያሳልፈው አይጥለውም፤ እስከ መጨረሻው ዓመት አብሮት ይቆያል። ከዚያም የመመረቂያ ሥራው ሲደርስ የሌላውን ሥራ ገልብጦ ስሙን ብቻ ሲለውጥ ይገኛል። ይህን ጉድለት በተማሪው ስንፍና ብቻ የሚያሳብቡ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን የመጀመሪያው ወር ትምህርት ድርሻ አለው እንላለን።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ሲጀመር ብዙ ወጣቶች ደስ ተሰኝተዋል፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። መስመር ባለበት ጊዜም ቢሆን በስሜን ተራሮች ግርጌ ያለ ተማሪ ቪዲዮ እየተመለከተ መማሩ የማይታሰብበት ቀን ብዙ ነው። እንግዲህ በፍላሽ ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ፥ በአሮጌ ኮምፒውተር የሚሠራ፥ መብራት በመጣባት በአንዲት ሰዓት ውስጥ ፍሬ የሚያሳይ ትምህርት ያስፈልጋል። ሉዋን ከሌሎች ለይተን እንድንመለከተው ያደረገን ይህ ችግር ነው እንጂ ስሙ በዓለም መነሣቱ አይደለም።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ብቻ እንናገር። ሉዋ እ.ኤ.አ. በ1993 በብራዚል፥ በሪዮ ዲ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ፥ ቴክግራፍ በተባለው የምርምር ክፍል ተፈጠረ። ፈጣሪዎቹ ዬሩሳሊምስኪ፥ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌሬዶ እና ቫልዴማር ሴሌስ ናቸው። የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 ድረስ የኮምፒውተርና የፕሮግራም ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ ጠንካራ ከልካይ ሕግ ስለ ነበረው፥ የአገሩ ሊቃውንት የሚሠሩበትን መሣሪያ ራሳቸው መሥራትን ለምደው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎችም ፔትሮብራስ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች እንጂ በሙያቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎች አልነበሩም። ቋንቋው ቀላል የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላ ሥራ ላለው ሰው ተብሎ ተሠርቷልና። ከእርሱ በፊት የነበረው ቋንቋ ሶል ይባል ነበር፤ በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ነው፤ ሉዋ ደግሞ ጨረቃ ነው። ኋላ ስለ ባሕረ ሐሳብ ስንናገር አንባቢ ይህን ስም ያስታውሰው።

ዛሬ ሉዋ በብዙ ቦታ ተሰውሮ ይሠራል። በጨዋታዎች ውስጥ አለ፤ የኮምፒውተር መረብን በሚመረምሩ መሣሪያዎች ውስጥ አለ። ዊኪፔዲያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የገጾቹን ሠንጠረዦችና ስሌቶች በሉዋ ሞዱሎች ያሠራል፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከዚህ ውጭ አይደለም። የቋንቋው ምንጭ ኮድ ተጨምቆ ሲታሸግ ከግማሽ ሜጋባይት በታች ነው። ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይከብዳል።

ከክብደቱ ይልቅ ግን እኛን የማረከን የመልስ አሰጣጡ ነው። ተማሪው አንዲት መስመር ይጽፋል፤ ኢንተርፕሪተሩ ወዲያው ይመልሳል። የጎንደር ሰው ይህን ዓይነት ትምህርት ያውቀዋል። በቅኔ ቤት ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቆጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ይቀርባል፤ ሲነግርም የተበላሸው በዚያው ቦታ ይታረምለታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዘአምላኪየ፥ እያለም ስምንት ቤት ወዳላት ወደ መወድስ የሚሄደው። ማንም የቅኔ መምህር ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን በመወድስ አይጀምርለትም። ሲ ፕላስ ፕላስን ለጀማሪ የሚሰጡ መምህራን ሊቆጡን ይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን ንጽጽሩ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንግባ። ደራሲው በመቅድማቸው የሉዋ ተጠቃሚዎች በሦስት ወገን እንደሚከፈሉ ይናገራሉ፤ ሉዋን በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ተጨምሮ የሚያገኙት፥ ሉዋን ለብቻው የሚጠቀሙበት፥ ሉዋንና ሲን አጣምረው የሚጽፉት። በዚህ ክፍፍል ውስጥ ከነጭራሹ ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ወንበር የለውም። ይህ ለመጽሐፉ ነቀፋ አይሆንም፤ ለዚያ ሰው እንደ ተጻፈ አድርገው ለጀማሪ የሚሰጡት ግን ሊያስተውሉት ይገባል። መቅድሙን እንኳ ለመረዳት ጥሩ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተማርን ሰዋስው ደጋግመው ያስጠኑን መምህራን ውለታ አለብን፤ ከበየዳ የመጣ ጓደኛችን ግን ያንን ዕድል ስላላገኘ በሐሳብ ከእኛ አያንስም። በሒሳብ እንዲያውም ይበልጠናል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በተለመደችው የሰላምታ መስመር ይጀምራል፤ ይህ መልካም ነው። ወዲያው ግን የፋክቶሪያልን ፕሮግራም ያመጣል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ፋንክሽኑ ራሱን በራሱ ይጠራል። ፋንክሽን ምን እንደ ሆነ ገና አልተነገረም፤ «ኢፍ» እና «ኤልስ» አልተብራሩም፤ ራስን መጥራት ደግሞ ለልምድ ተማሪም የሚያስቸግር ሐሳብ ነው። ሌላ ቋንቋ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ የቋንቋውን መልክ በአንድ ዐይን ያሳየዋል። ለጀማሪው ግን ያው «ኋላ ትረዳዋለህ» ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ የተጻፈው ለ5.0 ዕትም ነው። ተማሪው ዛሬ በኮምፒውተሩ የሚጭነው ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን 5.4 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። በ5.0 ቁጥር ሁሉ የነጥብ ቁጥር ነበር፤ ከ5.3 ወዲህ ግን ሙሉ ቁጥር ለብቻው አለ፤ መጠኑም በ64 ቢት የተወሰነ ነው። ስለዚህ የመጽሐፉን የፋክቶሪያል ፕሮግራም በ5.4 ላይ አሠርቶ 20 የሰጠው ተማሪ ትክክለኛ መልስ ያገኛል፤ 21 ቢሰጠው ግን ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይመለስለታል። ከዜሮ በላይ የሆኑ ሙሉ ቁጥሮች ብዜት ከዜሮ በታች ሊሆን እንደማይችል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። መጽሐፉም ስለዚህ አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም፤ ነገሩ የመጣው ከታተመ በኋላ ነውና። እንዲሁም የሠንጠረዥን ርዝመት ለማወቅ «ቴብል ጌትኤን» የተባለው፥ ቀሪን ለማግኘት «ማዝ ሞድ» የተባለው ዛሬ የሉም። በፋንታቸው የ# እና የ% ምልክቶች ከ5.1 ጀምሮ ገብተዋል። ደራሲው በኋላ ያወጡት አራተኛ ዕትም፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ለ5.3 የተጻፈው፥ ይህን ሁሉ አስተካክሏል፤ ነገር ግን እርሱ የሚሸጥ ነው። ነጻ የሆነው አሮጌው ነው። ድኃው ተማሪ አሮጌውን መጽሐፍና አዲሱን ፕሮግራም ይዞ፥ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ድካም ይከፍላል።

ትችት ብቻ ሰንዝሮ መሄድ አግባብ ስላይደለ፥ በፋክቶሪያል ፋንታ ምን ሊቀመጥ ይችላል ለሚለው መልስ እንስጥ። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚታወቅ አንድ ሒሳብ አለ፤ ይኸውም ባሕረ ሐሳብ ነው። የፀሐይንና የጨረቃን አቈጣጠር አስታርቆ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣ ነው። በቃል የሚሠሩት ሊቃውንት ዛሬም አሉ። ለፕሮግራም ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በብራዚልም ሆነ በአሜሪካ መጻሕፍት ውስጥ አላገኘንም።

2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ከተረፈው 1 ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፥ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸው ሒሳቡ ላለመሳቱ ምስክር ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ መጠነ ራብዒቱ 1879 ይሆናል፤ ይህ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ተደምሮ በ7 ሲገደፍ 2 ይተርፋል፤ 2 ሲተርፍ መስከረም 1 ቀን ረቡዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ቀን ይውላል፤ ይህም ረቡዕ ነው። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነውና 29 እና 4 ሲደመር 33፥ 30 ተገድፎ መባጃ ሐመሩ 3 ይሆናል። ድምሩ 30ን ስላለፈ ነነዌ የካቲት 3 ቀን ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ።

በዚህ በአንዱ ሒሳብ ውስጥ የሉዋ መጀመሪያ ትምህርት ሁሉ አለ። መደመርና ማባዛት አለ፤ በ% ምልክት ቀሪን ማግኘት አለ፤ መጠነ ራብዒት ሙሉ ቁጥር መሆን ስላለበት ከ5.3 ጀምሮ የገባው የ// ምልክት አስፈላጊነቱ ይታያል። መጥቅዑ ከ14 ይበልጣል ወይስ ያንሳል ሲባል የ«ኢፍ» ትርጉም ይገባል። የሰባቱ ቀናት ተውሳኮች፥ ቅዳሜ 8፥ እሑድ 7፥ ሰኞ 6 እያሉ እስከ ዐርብ 2 ድረስ፥ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሠንጠረዥ ደግሞ የሉዋ ዋና ነገር ነው፤ ሌላ የመረጃ ማከማቻ ዓይነት የለውም። ሒሳቡን ለማንኛውም ዓመት ለመሥራት ፋንክሽን ያስፈልጋል፤ የ19ኙን ዓመት ዐውደ አበቅቴ በተከታታይ ለማውጣት «ፎር» ያስፈልጋል። መልሱም በእጅ ካለው የቀን መቁጠሪያ ጋር ይመሳከራል። ፋክቶሪያልን ከምን ጋር እናመሳክረዋለን?

የቋንቋው ረቂቅ ጠባይ እንኳ ሳይቀር በዚህ ምሳሌ ይገለጣል። በ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7505 ነበር፤ ለ19 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። ከዜሮ 1 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ ወንበሩ 18 ነው ይላሉ። በሲ ቋንቋ ይህን ቁጥር በ19 ብንገድፈው ያው ከዜሮ በታች 1 ይመልሳል፤ በሉዋ ግን 18 ይመልሳል፤ ምክንያቱም በሉዋ የቀሪው ምልክት የአካፋዩን ምልክት ይከተላል። የሪዮ ሊቃውንት ስለ እኛ አቈጣጠር አስበው እንዳላደረጉት ግልጥ ነው፤ ቢሆንም ነገሩ ልብን ደስ ያሰኛል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ 1 ተርፎ ወንበሩ አልቦ፥ ማለት ዜሮ ሆነ፤ መጥቅዑም ዜሮ ይወጣና እንደ 30 ይቆጠራል። እዚህ ላይ ጀማሪው መጠንቀቅ አለበት። በሲ ዜሮ እንደ ሐሰት ይቆጠራል፤ በሉዋ ግን ሐሰት የሚባሉት «ፎልስ» እና «ኒል» ብቻ ናቸው፤ ዜሮ እውነት ነው። ስለዚህ «መጥቅዕ ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ» ብሎ በግልጥ መጻፍ ግድ ነው። መጽሐፉ ይህን በሁለተኛው ምዕራፍ በአጭር ዐረፍተ ነገር ያስጠነቅቃል፤ ያለ ምሳሌ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን ወዲያው ይረሳል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንነቅፈው ስለ ፊደል ነው፤ ከሁሉም የከበደን ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም ውስጥ ገብቷል። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን በሦስት ባይት ይቀመጣል። ሉዋ የቃልን ርዝመት በባይት እንጂ በፊደል አይቆጥርም። ተማሪው ከተማውን ብሎ «ጎንደር» ሲጽፍና ርዝመቱን በ# ሲጠይቅ 12 ይባላል። አራት ፊደል ነው የጻፈው። የመጀመሪያውን ፊደል ቁረጥልኝ ቢል የ«ጎ»ን ሢሶ ያገኛል፤ በስክሪኑም ላይ የሚታየው የተበላሸ ምልክት ነው። ቃሉን ገልብጥልኝ ቢል ፊደሎቹ ሁሉ ይፈርሳሉ። ከ5.3 ጀምሮ ለዚህ የሚረዳ ቤተ መጻሕፍት ተጨምሯል፤ በእርሱ ሲጠየቅ 4 ይላል። ነጻው መጽሐፍ ግን አያውቀውም።

በመጽሐፉ በሰባተኛውና በዐሥረኛው ምዕራፍ፥ ቃላትን ከጽሑፍ ለይቶ የሚያወጣና ከእነርሱም አዲስ ጽሑፍ የሚያቀናብር ያማረ ምሳሌ አለ። እኛም እንደ ተጻፈው አድርገን የአማርኛ ጽሑፍ ሰጠነው። አንድም ቃል አላገኘም። ምክንያቱ ቃልን የሚለይበት ምልክት የላቲን ፊደልና አኃዝ ብቻ ስለሚያውቅ ነው፤ የእኛ ፊደል ለእርሱ ፊደል አይደለም። «ባዶ ቦታ ያልሆነውን ሁሉ ውሰድ» በሚለው ምልክት ሲተካ ይሠራል፤ ለውጡ የሁለት ሆሄ ያህል ነው። ነገር ግን ይህን የማያውቅ ጀማሪ፥ የገዛ ቋንቋውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮምፒውተር ሰጥቶ «ቃል የለም» የሚል መልስ ሲያገኝ ምን ይሰማዋል? በአሮጌው ልማድ ቃላት በሁለት ነጥብ የተለያዩበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ ሁለት ነጥቡን አስቀድሞ በባዶ ቦታ መተካት ያሻል።

በሠንጠረዥም ረገድ እንዲሁ ነው። የደጋውን እህል፥ ገብስ፥ ባቄላ፥ ስንዴ፥ በስማቸው መዝግቦ ዋጋቸውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ስሙ ግን በጥቅስና በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ መግባት አለበት። ተማሪው ለእንግሊዝኛ ስም እንደሚደረገው በነጥብ ብቻ አያይዞ «ገብስ» ብሎ ቢጽፍ ሉዋ እንቢ ይላል፤ በስሕተት መልእክቱም ውስጥ 225 የሚል ቁጥር ያሳየዋል። ይህ ቁጥር የፊደላችን የመጀመሪያ ባይት ነው። ሉዋጂት የተባለው የቋንቋው ፈጣን ዘር ግን የአማርኛ ስም ያለ ቅንፍ ይቀበላል፤ ስለዚህ ክልከላው ከሒሳብ ሕግ የመጣ አይደለም፤ የምርጫ ጉዳይ ነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ሁሉ ሰምተው፥ «እንግዲያውስ የሉዋን ቃላት ሁሉ ወደ አማርኛ እንተርጉማቸው» ብለዋል። በ5.4 ዕትም የተከለሉት ቃላት 22 ብቻ ስለ ሆኑ ሥራው የአንድ ሳምንት ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። የቋንቋው ፈጣሪዎች ራሳቸው ፖርቱጋልኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ ቃላቱን በእንግሊዝኛ አድርገዋቸዋል፤ ተማሪው ሃያ ሁለት ቃል ለማጥናት አይቸገርም፤ ዳዊት የደገመ ልጅ በሃያ ሁለት ቃል አይፈራም። የሚያስቸግረው በቃላቱ ዙሪያ ያለው ማብራሪያ ነው። በአማርኛ መጻፍ ያለበት እርሱ ነው፤ ምሳሌውም፥ ልምምዱም፥ የስሕተት መልእክቶች ትርጉምም። ተተርጉሞ ብቻውን የቀረ ሉዋ የአማርኛው ዊኪፔዲያ ሞዱል እንኳ አያነብም።

ፓይተን ለምን አልተመረጠም የሚል ጥያቄ ከመምህራኖቻችን እንደሚመጣ እናውቃለን። ፓይተን ሰፊ ነው፤ ለሥራም ከሉዋ ይልቅ ይፈለጋል፤ ፊደላችንንም በፊደል ይቆጥራል፤ በዚህ በኩል ይበልጠዋል። ነገር ግን መጫኛው ከሃያ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ስፋቱም ለጀማሪ አንዳንድ ጊዜ ገበያ ገብቶ እንደ መጥፋት ነው። ሲ ፕላስ ፕላስን የሚደግፉት ደግሞ ተማሪው የማስታወሻውን አሠራር ከሥሩ እንዲያውቅ ይፈልጋሉ፤ እውነት አላቸው። የምንጠይቀው ሲ ፕላስ ፕላስ ይቅር ብለን አይደለም፤ በፊቱ ስድስት ሳምንት ይሰጠን ነው። ሉዋ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሥር እስከ ጫፍ ሊታይ ይችላል፤ እርሱም በሲ የተጻፈ ስለ ሆነ ተማሪው ኋላ ወደ ሲ ሲሻገር የሚያውቀውን ቤት ከውስጥ ያየዋል። ደግሞም የሉዋ ቆጠራ ከ1 ይጀምራል። የሌላ ቋንቋ ሰዎች በዚህ ያፌዛሉ፤ በግዕዝ አኃዝ ዜሮ እንደሌለና ቆጠራችን ከ፩ እንደሚነሣ ለሚያውቅ ሰው ግን ፌዙ አይገባውም።

መጽሐፉን ስንጠቅልለው፥ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ምዕራፎችና ስለ ሠንጠረዥ የሚናገረው ዐሥራ አንደኛው እጅግ የጠሩ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የምንጨምረው የለንም። ከመምህር ጋር ቢነበቡ ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ምዕራፍ፥ የቁጥሩና የጽሑፉ ክፍል ግን በአማርኛ እንደ ገና መጻፍ አለባቸው እንላለን።

በዚህ ሥራ ላይ ያልተስማማንበት አንድ ነገር ስለ ቀረ ለአንባቢዎች ፍርድ እናቅርበው። የሉዋ የመደርደሪያ ፋንክሽን የተማሪዎችን ስም ዝርዝር ቢሰጡት ያለ ምንም እገዛ በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ይደረድረዋል፤ የዩኒኮድ ቅደም ተከተል ያው ነውና። ነገር ግን «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው ከሁሉ በፊት፥ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ከ«ተስፋዬ» በኋላ ይወድቃል፤ አንድ ስም በመዝገብ ላይ በሁለት ቦታ ይለያያል። ከመካከላችን አንዱ ሐንና ኀን ወደ ሀ፥ ሠን ወደ ሰ፥ ዐን ወደ አ፥ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ጽፎ ችግሩን አቃለለው። ግዕዝ የተማረው ጓደኛችን ግን ተቃወመ፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፥ «ሰአለ» ደግሞ ለመነ ማለት ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ ማድረግ ቋንቋውን ማጉደል ነው አለ። ለጊዜው የደረስንበት፥ ሠንጠረዡ በመደርደሪያው ማነጻጸሪያ ውስጥ ብቻ እንዲሠራና በመዝገቡ የተጻፈው ስም እንደ ባለቤቱ አጻጻፍ እንዲቆይ ነው።